የእማዬ የእቁብ ደብተር

እማዬ የሰፈሩ የእቁብ ጸሐፊ ናት። ባለ 50 ሉክ ደብተር አላት። ከፊት በኩል የእቁብተኛው ስም፣ የጣለው ብር፣ ዕጣ የደረሰው ሰው አለ። ደብተሩን ገልብጣችሁ ከኋላ ስትከፍቱት ደግሞ እኔን ታገኛላችሁ። «ጥቅምት መድኃኔ ዓለም፣ ጠዋት፣ ጓዳ።» «ኅዳር መርቆሬዎስ፣ ትምህርት ቤት።» «ታኅሣሥ ጊዮርጊስ፣ ሌሊት።» የሚጥል በሽታ የጣለኝ ቀን በታቦት ስም ተጽፏል።

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ለምትወድቅባቸው እናቶችና ራሳቸው ለሚወድቁ ሴቶች ነው። ሐኪም አይደለሁም። ከበሽታው ጋር ሃያ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ።

በመጀመሪያ የወደቅኩት በ13 ዓመቴ፣ በ1998 ዓ.ም ነው። ያደግኩት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ቆሜ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ ዩኒፎርሜ ረጥቧል፣ ምላሴ ተነክሷል፣ ዘበኛው አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ይጭራል። ሌላው ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ቆሟል። ለሃጯ ከነካን ይጋባብናል ብለው ነው። አይጋባም። በለሃጭም፣ በትንፋሽም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። ግን ይህን የነገረኝ ሰው ያገኘሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ርእሰ መምህሩ እማዬን ጠርተው «እስኪሻላት ቤት ትቆይ» አሏት። ሦስት ወር ቆየሁ። ከመውደቁ ይልቅ ያ ሦስት ወር ነው እስከዛሬ የሚቆጨኝ።

በሽታውን የሰፈር ሰው የሚጠራበት አንድ ስድብ የሆነ ስም አለ። ታውቁታላችሁ። እዚህ አልጽፈውም።

እማዬ እንጦጦ ጸበል ይዛኝ ወጣች። ጤና ጣቢያም ወሰደችኝ፤ እዚያ ፌኖባርቢታል ጀመሩልኝ። ርካሽ ነው፣ አሮጌም ነው። የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ ያወቀው ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ሲሆን ጊዜውም 1912 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱ ረድቶኛል፤ በሳምንት መውደቄ ቀርቶ በወር አንዴ ሆነ። ግን ያንቀላፋኛል። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲናገር ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤት ደግሞ «ክኒን ከወሰደች ጸበሉ አይሠራላትም» ይላል። እማዬ መሐል ቤት ገባች። አንድ ቀን ትሰጠኛለች፣ አንድ ቀን ትደብቅብኛለች። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን «መድኃኒቱንስ ማን ፈጠረውና ነው? ሁለቱንም አድርጊላት» ብለው ገላገሉን። እንደዚህ የሚል አባት ያላገኘ ቤተሰብ ብዙ ነው። ይህ በሽታ ጸበል ቦታ ሰው የሚገድለው በጸበሉ ምክንያት ሳይሆን መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ከተቋረጠ መንቀጥቀጡ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እየተከተለ ላይቆም ይችላል።

ደብተሩ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። እማዬ ቀኖቹን ማስታወስ የጀመረችው በስለት ምክንያት ነው። በ2 ዓመቴ በጠና ታምሜ ነበር። ያኔ «ልጄን ካተረፍክልኝ» ብላ ለቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ጥላ ተስላ ነበር። ተረፍኩ። ጥላው ግን አልገባም፤ ብር አልነበረም፣ ከዚያ ተረሳ። በ2001 ዓ.ም ጥቅምት 27፣ በዓመቱ መድኃኔ ዓለም ቀን ስወድቅ ደነገጠች። «ስለቴን እየጠየቀኝ ነው» አለች። በሚቀጥለው ወር በ25 መርቆሬዎስ ቀን ወደቅኩ። ከዚያ ታኅሣሥ ጊዮርጊስ። ከዚያ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም። ከዚያ የካቲት ገብርኤል። ታቦታቱ ሁሉ ተራ በተራ የተቆጧት መሰላት። መሐል ላይ አንዲት የማትገጥም ቀን አለች፤ «ጥር 9፣ እንዲሁ» ብላ ጽፋታለች። የማንም ታቦት ቁጣ አድርጋ ልታስበው አልቻለችም።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከጤና ጣቢያ ወደ ነርቭ ሐኪም ተላክን። ሦስት ሰዓት ወረፋ ጠበቅን። ዶክተሩ ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። «መቼ መቼ ነው የሚጥላት?» ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል። «አንዳንዴ ነው» እንላለን፣ «በወር አንዴ» ይጽፋሉ፣ ያልቃል። እማዬ ግን በዚያን ቀን ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። «ዶክተር፣ ይኸው ጽፌዋለሁ» አለች። እና እያፈረች ማንበብ ጀመረች።

ዶክተሩ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ እማማ፣ እንደገና ይበሉልኝ። ጥቅምት መድኃኔ ዓለም፣ 27። መርቆሬዎስ 25። ጊዮርጊስ 23። ማርያም 21። ገብርኤል 19።» ወረቀት ላይ ጻፉና ዝም ብለው ቆዩ።

የእኛ ወር 30 ቀን ነው። ከጳጉሜ በቀር ሁሌም 30። ስለዚህ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ የሚሄድ ነገር በ28 ቀን አንዴ እየመጣ ነው ማለት ነው። በፈረንጅ ካላንደር ቢሆን 31 እና 28 እየተደበላለቀ ይህን ያህል በግልጽ አይታይም ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የወር አበባሽስ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?»

እኔ እማዬን አየሁ። እማዬ መሬቱን አየች። ቤታችን ውስጥ ይህ ነገር ተነስቶ አያውቅም። ሞዴስ ራሱ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። ዶክተሩ ገባቸው መሰለኝ፣ ነርሷን ጠርተው እሳቸው ወጣ አሉ። ለነርሷ ነገርኳት። የሚጥለኝ ፔሬዴ ሊመጣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ካልሆነም በመጣ ቀን ነበር። አውቄው ነበር እኮ! ግን ሰው የሚጠይቀው ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሲመለሱ ያስረዱኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም። አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክና በኬሚካል ነው። ግሉታሜት የሚባለው ኬሚካል ሴሉን ያነሳሳዋል፣ ጋባ የሚባለው ደግሞ ያረጋጋዋል። «ከጊዮርጊስ ወደ ለገሃር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳና አስቢው» አሉኝ። «ሚኒባስ ሰው ጭኖ ይወርዳል። ግሉታሜት ነዳጁ ነው፣ ጋባ ፍሬኑ ነው። የሚጥልሽ ፍሬኑ ሲላላ ነው። ብዙ ሴሎች አንድ ላይ ይተኩሳሉ።»

ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነዳጁን ይረግጣል። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው ሆርሞን ፍሬኑን ያጠብቃል። ቁም ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮጄስትሮን አንጎል ውስጥ ሲገባ ተለውጦ አሎፕሬግናኖሎን የሚባል ነገር ይሆናል። እሱ ጋባ በሚሠራበት በር ላይ ይቀመጥና በሩ በደንብ እንዲከፈት ያደርጋል። ፌኖባርቢታልም የሚሠራው እዚያው በር ላይ ነው። ስለዚህ የሴት ሰውነት በየወሩ የራሱን ማረጋጊያ ይሠራል። ፔሬድ ሊመጣ ሲል ግን ፕሮጄስትሮን ቁልቁል ይወርዳል። አንጎል መድኃኒቱን በድንገት እንደተነጠቀ ሰው ይሆናል። ብዙዎቻችን ላይ የሚብሰው ፔሬድ ከመምጣቱ ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ከመጣ በኋላ እስከ ሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሴቶች ከሦስቷ አንዷ ገደማ እንደዚህ ከወር አበባ ጋር የሚሄድ ዓይነት አላት።

«ታዲያ ለምን በ13 ዓመቷ ጀመራት?» አለች እማዬ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱ ከጉርምስና ጋር ይያያዛል። ጉርምስና ከጡት ወይም ከማህፀን የሚጀምር ይመስለናል። የሚጀምረው ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል በልጅነት ተኝቶ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ በየአንድ ሰዓት፣ በየአንድ ሰዓት ተኩል ምልክት መርጨት ይጀምራል። ምልክቱ ከሥሩ ላለው እጢ ይደርሳል፣ እጢው ደግሞ ኦቫሪን ይቀሰቅሳል። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታት የልጅቷ ሰውነት እንቁላል የማይለቅበት ወር ብዙ ነው። እንቁላል ካልተለቀቀ ፕሮጄስትሮን በቂ አይመረትም። ኢስትሮጅን ብቻውን ይቀራል፤ ነዳጅ አለ፣ ፍሬን የለም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መውደቄ ቀን ያልነበረው ለዚህ ነው።

ግን ጉርምስና ብቻውን በሽታውን አይፈጥረውም፤ ያለውን ነው የሚያስነሳው። ይህንንም ያገኘነው በስለቱ ነው። ዶክተሩ ከማብራራታቸው በፊት «ስለቱ ምን ነበር?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። በ2 ዓመቴ የታመምኩትን ነገረቻቸው። ትኩሳት፣ አንገት መገተር፣ ራስን አለማወቅ። ማጅራት ገትር ነው። ማጅራት ገትር አንጎል ላይ ጠባሳ ትቶ ሊሄድ ይችላል፣ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ የመንቀጥቀጥ መነሻ ይሆናል። በኋላ ኤምአርአይ ስነሳ ጠባሳው ተገኘ፤ በግራ በኩል፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ። ሽታም፣ ትዝታም፣ ፍርሃትም የሚያልፉበት ቦታ ነው።

ሽታ ስል የክብሪቱ ነገር ትዝ አለኝ። ለዓመታት የሚሸተኝን የተቃጠለ ነገር የክብሪት ሽታ አድርጌ ነበር የማስበው። አንድ ሌሊት ግን ብቻዬን ነበርኩ። ክብሪት የጫረ ሰው የለም። ሽታው ግን መጣ፣ ከዚያ ወደቅኩ። ለካ ሽታው ከክብሪቱ በፊት ነበር! መንቀጥቀጡ ከዚያ ጠባሳ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነካው የሽታውን ቦታ ነው። አሁን ያ ሽታ ማስጠንቀቂያዬ ነው። ምድጃ አጠገብ ካለሁ እርቃለሁ፣ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። በአገራችን ስንቱ ሰው እሳት ላይ ወድቆ እጁንና ፊቱን አጥቷል። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት እንጀራ ብቻዋን አትጋግር፣ ባልታጠረ እሳት ላይ አትሥራ። ይህን ለባልም ለአማትም መንገር ያስፈልጋል።

የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያነበውን ኢኢጂ የሚባለውን ምርመራም አደረግሁ። ሹሩባዬን ማስፈታት ግዴታ ነው፤ ቀድማችሁ ፈትታችሁ፣ ቅባት ሳትቀቡ ሂዱ። ሰፈር «የጭንቅላት ራጅ» ይሉታል፣ ራጅ ግን አይደለም። ሃንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ በ1924 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው ነገር ነው። የእኔ ውጤት «ምንም ችግር የለም» የሚል ነበር። እማዬ በደስታ እልል ልትል ስትል ዶክተሩ አስቆሟት። ኢኢጂ የሚያሳየው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሆነውን ብቻ ነው። ንጹሕ መውጣቱ በሽታው የለም ማለት አይደለም። በዚህ ተታሎ መድኃኒት ያቆመ ሰው አውቃለሁ።

ያቺ «ጥር 9፣ እንዲሁ» የተባለችውስ? ፈተና ስለነበረ ሳጠና አድሬ ነበር። እንቅልፍ ማጣት ፍሬኑን ያላላል። ዛሬ የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ አላድርም፤ ቀን በደንብ እተኛለሁ፣ ቤቴ እጸልያለሁ። ጾም ላይም የጠዋቱን ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላቆየውም። አንዴ ሁዳዴ ላይ አቆይቼው ታክሲ ውስጥ ነው የጣለኝ። ወያላው «ውሃ ድፉባት» ሲል አንዲት ሴትዮ ግን በጎኔ አስተኝታ፣ ነጠላዋን ጭንቅላቴ ሥር አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች ቆየች። ማን እንደሆነች አላውቅም። ልክ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ክብሪት አይጫርም። ማንኪያ አፍ ውስጥ አይከተትም፤ ጥርስ ይሰብራል፣ ምላስ ደግሞ አይዋጥም። እጅና እግር አይያዝም፣ ውሃ አይደፋም። በጎን ማስተኛት፣ የሚያቆስለውን ነገር ማራቅ፣ ሰዓት መያዝ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ሆስፒታል ነው።

ስለ ሕክምናው ብዙ አልልም። ከፌኖባርቢታል ቀስ በቀስ አውጥተው ካርባማዜፒን አደረጉልኝ። ፔሬድ በሚጠጋባቸው ቀናት ብቻ የምትጨመር ሌላም አለች። ስሟን አልጽፍም፤ አንብቦ ፋርማሲ የሚሮጥ አይጠፋም፣ ለእኔ የተለካ ደግሞ ለሌላ አይሆንም። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የወደቃችሁበትንና ፔሬድ የጀመረበትን ቀን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ውሰዱ። ሦስት ወር ይበቃል። በታቦት ስምም ቢሆን ችግር የለም።

አሁን በጣም የምፈልገው ቦታ ላይ ደረስኩ። በ2009 ዓ.ም አገባሁ። ልጅ ለትንሽ ጊዜ ማቆየት ፈለግን። አንድ ክሊኒክ ሄድኩና ክንዴ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አስገባሁ። ያስገባችልኝ ባለሙያ «ሦስት ዓመት አትጨነቂ» አለችኝ። ምን መድኃኒት እንደምወስድ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። በዓመቱ አረገዝኩ። ባሌ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ።

የሆነው ይህ ነው። ካርባማዜፒን፣ ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን ጉበትን ያተጉታል። የተጋው ጉበት ሌላውንም ነገር ቶሎ ቶሎ ይፈጫል። የወሊድ መከላከያው ሆርሞንም አብሮ ይፈጫል። በየቀኑ የሚዋጠው እንክብልም፣ በክንድ የሚቀበረውም፣ ድንገት የሚወሰደውም በዚህ ይደክማል። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ፣ በተለይ ባለ መዳቡ፣ ከጉበት ጋር ጉዳይ ስለሌለው አይነካም። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌም ይሠራል። ለወሊድ መከላከያ ስትሄዱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንደምትወስዱ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ታፍራላችሁ፣ አውቃለሁ። እኔም ያልተናገርኩት ለዚያ ነው።

ሌላው ቫልፕሮኤት የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ እርግዝና ላይ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ከሚወስዱት እናቶች ልጆች ከአሥሩ አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፣ ከአሥሩ ሦስት ወይም አራቱ ላይ የአእምሮ እድገት ችግር ይታያል። የምትወስዱት ከሆነ ዛሬ አትጣሉት። መንቀጥቀጡ ራሱ እናትንም ጽንስንም ሊገድል ይችላል። ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪሙን «ይቀየርልኝ ወይ?» በሉት። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚንም ከእርግዝና በፊት ነው መጀመር ያለበት። እኔ ሳላውቅ ስላረገዝኩ ዘግይቼ ጀመርኩት፣ ዘጠኙንም ወር በፍርሃት አሳለፍኩ። ልጄ ደህና ናት፤ ዘንድሮ ሰባት ዓመቷ ነው። ዕድለኛ ነኝ።

ስለ ድብርቱ ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ምንም አላማረኝም። ሰው «ስለሚያፍሩባት ነው» ይል ነበር። ማፈሩ አለ። ግን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ላይ ድብርት የሚበዛው በማፈር ብቻ አይደለም። ጠባሳው ያለበት ቦታ ስሜትንም የሚያስተዳድር ነው። መድኃኒቱም፣ በተለይ ፌኖባርቢታል፣ ስሜትን ይጫናል። ለዶክተሩ ስነግራቸው አልተገረሙም፤ ሕክምናው ውስጥ አስገቡት። ድብርት የሚታከም ነው። ስንፍና ወይም ምስጋና ቢስነት አይደለም።

አንድ ታሪክ ሁሌ ያስቀኛል። በ1857 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቻርልስ ሎኮክ የሚባል የንግሥት ቪክቶሪያ አዋላጅ ሐኪም ነበር። ከወር አበባ ጋር ለሚወድቁ ሴቶች ፖታሲየም ብሮማይድ እንደሚሰጥ ተናገረ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? በሽታው ከሩካቤ ስሜት ጋር የተያያዘ መስሎት፣ መድኃኒቱ ደግሞ ያንን ስሜት ስለሚያበርድ! ሐሳቡ ስህተት ነበር። መድኃኒቱ ግን በእርግጥ መንቀጥቀጡን ያዘ። ለሚጥል በሽታ በትክክል የሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው። እማዬም እንዲሁ ናት። ታቦቶቹ አልተቆጡም፣ ቀኖቹ ግን ልክ ነበሩ።

ጥላውን አስገብታለች። ዶክተሩ ናቸው «ስለትዎን ይስጡ፣ መድኃኒቷን ግን አንድ ቀን እንዳያቋርጡባት» ያሏት። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ባለ ዘርፍ ጥላ ነው።

በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ደብተሩ ከፎቶ አልበሙ ጋር አብሮ ወጣ። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ነው ያለነው። እቁቡ ተበትኖ ነበር፣ ግማሹ እቁብተኛ እንደገና ተሰበሰበ። ባለፈው ሳምንት ከኋላ በኩል ገለጥኩት። የመጨረሻው «ሰኔ ሚካኤል፣ 2014፣ ማታ» ይላል። ከሥሩ ባዶ ገጽ ይሆናል ብዬ ነበር። እማዬ ወረቀት አይባክንም ብላ የእቁብ ስም ሞልታበታለች።